የሯጭ ዕውቀት ደመ ነፍስ አይደለም

አንዳንድ ሰዎች ስለ ሯጭ ሲናገሩ፥ የሚሮጠው በደመ ነፍስ ነው፤ መቼ እንዲታገሥ፥ መቼ እንዲፈተለክ የሚነግረው ተፈጥሮው እንጂ ትምህርት አይደለም ይላሉ። ይህ ቃል ሲሰሙት ምስጋና ይመስላል፤ ሲመረምሩት ግን ስድብ ነው፤ የድካምን ዋጋ ከባለቤቱ ነጥቆ ለዕድል የሚሰጥ ነውና።

እርግጥ ነው፤ ሯጭ በውድድር መካከል ቆሞ አያሰላስልም። የጎኑን ሰው ትንፋሽና ኮቴ፥ የራሱንም ጉልበት በአንድ ጊዜ መዝኖ ወዲያው ይወስናል፤ ስለ ምን እንዲህ አደረግህ ቢሉትም ብዙ ጊዜ በቃል ማስረዳት አይችልም። ነገር ግን በቃል የማይነገር ዕውቀት ሁሉ ሳይማሩት የመጣ ነው ማለት ስሕተት ነው። ድጓ ያስመሰከረ መሪጌታ ምልክቱን ሳይመለከት ዜማውን ሲመራ፥ ከእናቱ ማኅፀን ይዞት ወጣ የሚል ማን ነው? የብዙ ዓመት ጥናት ፍሬ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ለመሪጌታው የተሰጠ ፍርድ ለሯጩ ስለ ምን ይከለከላል?

ለዚህ ነገር አበበ ቢቂላ ምስክር ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓመተ ምሕረት በሮማ ማራቶን ሲሮጥ፥ አሠልጣኙ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን የሞሮኮውን ሯጭ ራዲን እንዲጠነቀቅ፥ በ26 ቍጥርም እንዲለየው ነግሮት ነበር። ራዲ ግን 185 ቍጥር ለብሶ ወጣ። አበበ 26 ቍጥርን እየፈለገ ሲሮጥ፥ የሚፈልገው ሰው ከጎኑ ነበረ። ምክሩ በምልክቱ ሳተ፤ ልምዱ ግን አልሳተም። ከባለ 185 ቍጥሩ ጋር ጎን ለጎን ቆይቶ፥ ፍጻሜው ሲቃረብ ተፈትልኮ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፥ እስከዚያ ቀን ማንም ባልደረሰበት ፍጥነት ገባ፤ ራዲ 25 ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ደረሰ።

በባዶ እግሩ መሮጡን አይተው፥ ነገሩ ያው ተፈጥሮ ነው የሚሉ አልታጡም። ይኸው ሰው በ1957 ዓመተ ምሕረት ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው፥ በቶኪዮ ጫማ አድርጎ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ እንደ ገና ማሸነፉን ግን በምን ይተረጕሙታል?

ተፈጥሮ ድርሻ የለውም አይባልም። ሳንባና ጉልበት ይሰጣል፤ መቼ እንደሚሠሩበት ግን አያስተምርም። ይህን የሚያስተምረው አንዱን ሥራ ሺህ ጊዜ መደጋገም ነው፤ ሰውነት በዚህ ተምሮ፥ ሐሳብ በቃል እስኪዘረዘር ድረስ ሳይጠብቅ ይፈርዳል።

የደመ ነፍስ ወሬ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው ወጣቱን ነው። ተሰጥኦ ያለው፥ ተፈጥሮዬ ይበቃኛል ብሎ ይሰንፋል፤ የሌለው የመሰለውም ሳይጀምር ተስፋ ይቈርጣል። ስለዚህ ሯጭን ማመስገን የሚወድ ሰው ስለ ደሙና ስለ አጥንቱ ማውራቱን ትቶ፥ በየማለዳው ስለ ሠራው ሥራ ይጠይቀው።