ፋኖስ ይዞ የሚገባው ሰው

“ሬስሊንግ እኮ ውሸት ነው!” ከያዮ ቪዲዮ ቤት ጀምሮ እስከ ዶርም ድረስ ይህን ያላለኝ ሰው የለም። እርግጥ ነው፣ አሸናፊው አስቀድሞ ይታወቃል። ግን ቲያትርም እኮ ድርሰት ነው፤ ተዋናዩን ውሸታም የሚለው ማነው? ሬስለሩ ደግሞ በጀርባው ይወድቃል፤ ሕመሙን ማንም ደራሲ አይቀንስለትም።

የእኔ ሰው ብሬይ ዋያት ነበር። አዳራሹ ይጨልምና ፋኖስ ይዞ ቀስ እያለ ይገባል፤ ተመልካቹ የሞባይሉን መብራት ያበራለታል። እኛም ስክሪኑ በጨለመ ቁጥር “መብራት የጠፋው እዚህ ነው እዚያ?” እያልን እንሳሳቅ ነበር። የሚይዘን ከጡንቻው ይልቅ ንግግሩ ነው። እንግሊዝኛው ባይገባንም ፀጥ ብለን እንሰማዋለን። በየካቲት 2009 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን ቪዲዮ ቤቱ በጩኸት ተናወጠ።

ነሐሴ 18 ቀን 2015 ዓ.ም. ሞተ ሲባል ሌላ ድርሰት መሰለኝ። በ2013 ከድርጅቱ ተሰናብቶ በመስከረም 2015 ተመልሶ ነበርና “ይሄም ያልፋል፣ ይመለሳል” አልኩ። ግን ለድርጅቱ ደውለው የነገሩት አባቱ ማይክ ሮተንዳ ናቸው፤ እሳቸውም የቀድሞ ሬስለር። አባት የልጁን ሞት ለድራማ ብሎ አያረዳም። ያኔ አመንኩ። ዊንድሃም ሮተንዳ፣ የአራት ልጆች አባት፣ በ36 ዓመቱ በልብ ሕመም አርፏል።

ስለዚህ “ውሸት ነው” ለምትሉኝ መልሴ አጭር ነው፦ ብሬይ ዋያት ድርሰት ነበር፤ ለእኛ ሲል የወደቀውና የተነሳው ሰው ግን እውነተኛ ነበር።

ነፍስ ይማር!