ባዶ እጅ አይኬድም ያለው ማነው?

ትናንት ማታ ከድሮ ተማሪዎቼ አንዱ በኢንቦክስ «ቲቸር፣ ዘንድሮም ለገና አገር ቤት አልሄድም፣ እጄ ላይ ምንም የለም» አለኝ። ሥራ ይዟል፣ ደሞዝ አለው፣ ዘመዶቹን ካየ ግን አራት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ «አይዞህ» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሳልልከው አጠፋሁት። ይሄ ነገር አይዞህ የሚባልለት አይደለም።

እስቲ ንገሩኝ፣ ዘመድ መጠየቅ መቼ ነው የሀብታም ሥራ የሆነው? እኔ ልጅ ሆኜ ከአዲስ አበባ ዘመድ ሲመጣ ግማሽ ኪሎ ቡናና ለልጆች ከረሜላ ይዞ ነበር፤ እሱም ከሌለ ቤቱ ያው በደስታ ይሞላል። ዛሬ ግን ባለ አምስት ሊትር ዘይት፣ ስኳር፣ ለአክስት ነጠላ፣ ለአጎት ጋቢ፣ ለልጆቹ ጫማ፣ የበግ መዋጮ። በዚያ ላይ በዓል ደረሰ ብሎ ከታሪፍ በላይ የሚጠይቅ ረዳት አለ። ይሄ ሁሉ ለአንድ ቀን! የገና እረፍት እኮ በካላንደሩ ላይ አንድ ቀን ብቻ ናት። መምህር ይሄን ሁሉ ገዝቶ ሲመለስ ጥርን በምን ሊበላ ነው?

ከላይ ሆኜ አይደለም የምናገረው። እኔም ይሄንኑ አድርጌያለሁ።

እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፣ እዚያው መንዝ። እትዬ ነበር የምንላት። ማስተማር ስጀምር ሁለት ዓመት ተሸክሜ ሄድኩ፣ ተመሰገንኩ። ከዚያ ትዳር መጣ፣ የቤት ኪራይ ጨመረ፣ በዲፕሎማ ደሞዝ የትም አልደርስ አልኩ። ሦስት ገና በተከታታይ ቀረሁ። ስደውልላት አንዴ ፈተና እያረምኩ ነው፣ አንዴ መንገዱ አይመችም እላለሁ። ታውቅ ነበር መሰለኝ። አንድ ጊዜ «አንተ ልጅ፣ ምንም አትያዝ፣ እግርህን ይዘህ ና» አለችኝ። ሳቅኩ። አልሄድኩም።

ከዚያ አንድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። ሲነጋ ላምበረት መናኸሪያ ነበርኩ። ብሩ ከየት መጣ? ከሦስት ባልደረቦቼ ተበደርኩ። ለምን ያለኝ የለም፤ ለለቅሶ ማን ይከለክላል? ደብረ ብርሃንን አልፈን፣ መኪናው ጣርማ በር ላይ ወደ መንዝ ሲታጠፍ ነው አንድ ነገር ትዝ ያለኝ፦ እጄ ላይ ምንም አልነበረም። ቤቷ ስደርስም ዘይቱ የታል ያለኝ ሰው የለም። አቅፈው አስለቀሱኝ፣ ንፍሮ ሰጡኝ፣ ባና አልብሰው አስተኙኝ።

ለሬሳዋ ባዶ እጄን መሄድ ከቻልኩ ለሷ ለራሷ ምን ከለከለኝ? እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ጎረቤቷ ስትነግረኝ፣ በሦስቱም ገና ከቅዳሴ መልስ ወጡ ቀርቦ «ቆዩ እስቲ፣ መኪናው ዘግይቶ ይሆናል» እያለች ሰው ሳታስቀምስ ታስጠብቅ ነበር።

አውቃለሁ፣ ኮሜንት ላይ «ገጠር ያለው ዘመድ ችግረኛ ነው፣ ባዶ እጅ ሄዶ ማስቸገር ነው» የሚል ይመጣል። ችግሩ እውነት ነው። ሲኖርህ በቴሌብር ላክ፣ ለዚያ መሄድም አያስፈልግህም። መላክና መሄድ ግን ሁለት ነገር ናቸው፤ እኛ አንድ አድርገናቸው አንዱ ሲጠፋ ሁለቱንም አስቀረን።

እናንተም ዘመዶች አትቆጡኝና፣ ንጹሕ አይደላችሁም። «የእገሌ ልጅ ለእናቱ ሶፋ አስገባላት» እያላችሁ ባጎደለው ልጅ ፊት የምታወሩት እናንተ ናችሁ። ባለመኪናው መጥቶ ብር ሲበትን መንደሩ ሁሉ ይተርከዋል። ሦስት ቀን አብሮ ገለባ ሲያስገባ የከረመውን ማን ያነሣዋል? ልጁ አልመጣም ብላችሁ ከማማረራችሁ በፊት መጥቶ ምን ተብሎ እንደሄደ አስታውሱ።

ደግሞስ በዓል ካልሆነ አይኬድም ያለው ማነው? የመንፈቅ ዓመት ፈተና ሲያልቅ ተማሪም መምህርም እረፍት አለን። ጥምቀት ያልፋል፣ የመናኸሪያው ግርግር ይበርዳል፣ ገብሱም ተወቅቶ ጎተራ ይገባል፣ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያወራበት ጊዜ አለው። ብርዱን ግን አልዋሻችሁም፣ የመንዝ ጥር አጥንት ይሰብራል።

ለዚያ ልጅ በመጨረሻ የመለስኩለት «የትራንስፖርት ብቻ ያዝ» የሚል ነው። እስካሁን አላነበበውም። እኔ ውጤት አስገብቼ እንደጨረስኩ አጎቴ ጋ እሄዳለሁ፣ በትከሻ ቦርሳ ብቻ። በዚያ መስመር የምትሄዱ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ ትኬት አብረን እንቆርጣለን።