የጠብታውን ሣጥን ይዛችሁ ኑ!

የቦሌ፣ የገርጂ፣ የሲኤምሲና የአያት ነዋሪዎች ሆይ! ማታ ማታ ቀና ብላችሁ የግላኮማ ጠብታ የምታደርጉ፣ ለእናት ለአባታችሁም የምታደርጉ ብዙ ናችሁ። ዛሬ ሣጥኑን አዙራችሁ አንብቡት። አብዛኛው ላይ «ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ» የሚል ስም ታገኛላችሁ።

ይህ ማቆያ ኬሚካል የዓይን ግፊት አይቀንስም። የሚጨመረው የተከፈተው ጠርሙስ ጀርም እንዳይገባበት ነው። ጀርሙን የሚገድለው እንደ ሳሙና ሽፋኑን በጣጥሶ ነው፤ የዓይናችን ሕዋሳት ሽፋንም ከቅባት የተሠራ ነውና እነሱንም አይምርም። እንባ ቶሎ እንዳይደርቅ የሚጠብቀውን የቅባት ንጣፍ ይበትናል፤ ዓይንን የሚያለሰልሰውን ፈሳሽ የሚያመነጩ ሕዋሳትን ያመናምናል፤ የኮርኒያን የላይኛውን ሽፋን ይጎዳል። ዓይን ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ አሸዋ የገባበት ይመስላል። እኛም በመንገድ ሥራው አቧራ እናሳብባለን።

አስቡት፤ ቲሞሎል በቀን ሁለቴ፣ ላታኖፕሮስት ማታ አንዴ የታዘዘለት ሰው በአንድ ዓይኑ ብቻ በዓመት 1,095 ጠብታ ያደርጋል። ያውም ዕድሜ ልኩን።

እኔን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው፤ ማቃጠሉ የመረረው ሰው መድኃኒቱን ይተዋል። ግላኮማ ደግሞ ሳያሳምም፣ ከዳር ከዳር እየሸረሸረ ነው የሚሄደው። የሞራ ግርዶሽ የጋረደውን ዓይን ቀዶ ሕክምና ያበራዋል፤ ግላኮማ የወሰደው ብርሃን ግን አይመለስም። ስለዚህ አደራ፣ ሐኪማችሁን ሳታማክሩ ጠብታችሁን አንድ ቀን እንኳ እንዳታቆሙ!

ማቆም ሳይሆን መጠየቅ ነው ያለብን። ማቆያ ኬሚካል የሌለበት ጠብታ በዓለም ገበያ አለ፤ ለአንድ ጊዜ ብቻ በሚሆን ትንሽ ብልቃጥም፣ ጀርም በማያስገባ ልዩ ጠርሙስም ይሸጣል። ከጠብታ ሌላ የሌዘር ሕክምናም አለ፤ በሞሺ፣ ታንዛኒያ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከአንድ ዓመት በኋላ ሕክምናው የሠራላቸው ዓይኖች በሌዘር 61 በመቶ፣ በቲሞሎል 31 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ሐኪማችሁን «ለእኔስ ሌዘር ይሆነኛል?» በሉት።

አንድ ሰው ፋርማሲ ገብቶ ቢጠይቅ «የለም» ተብሎ ይመለሳል። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ግን ፋርማሲው ለአስመጪው ይናገራል፣ አስመጪውም ያስመጣል። ፋርማሲስቶች፣ የተጠየቃችሁትን መዝግቡ። ሐኪሞች፣ ዓይኑ የቀላውን ታካሚ ስለ ማቆያው ንገሩት። የእድር ዳኞች፣ ለቀብር የምታሰባስቡትን ሰው ለብርሃኑም አሰባስቡት፤ ጥያቄያችንን ጽፈን፣ ፈርመን ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እናስገባ።

በመጪው የእድር ስብሰባ እንገናኝ፤ ሣጥኖቻችሁን ይዛችሁ ኑ!