አልታዘዝ ያለው ኖታ



ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤታችን የምረቃ በዓል የሚዘመረውን መዝሙር በኖታ ጽፌ ኪቦርድ ለሚመታው ተማሪና ለመዘምራኑ ማደል ነበረብኝ። የእጄ ጽሑፍ ለማንበብ አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ሙዝስኮር በሚባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም ልጽፈው ቈረጥሁ። ይህ ፕሮግራም ጀርመናዊው ቨርነር ሽቬር እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው፣ ዋጋ የማይከፈልበት መሣሪያ ነው። በዓሉ ሊደርስ የቀረው ሰባት ቀን ብቻ ነበር።

መዝሙሩ የሚነሣው በአራተኛው ምት ላይ ነው። ፕሮግራሙ ግን የመጀመሪያውን ሜዠር፣ ይኸውም በሁለት ቋሚ መሥመሮች መካከል ያለውን ክፍል፣ በሦስት ምት ዕረፍት ካልሞላው እሺ አይልም። ተማሪውም ኖታውን እያየ ሦስት ምት ቈጥሮ ይጀምራል፤ መዘምራኑ ግን አይጠብቁትም።

ስለዚህም በዚሁ መሣሪያ ለሚሠሩ ሰዎች በኢንተርኔት «ፕሮግራሙ አልታዘዝ አለኝ፤ ምን ላድርግ?» ብዬ ጻፍሁ። አንዱ ኮምፒዩተሩን አጥፍተህ አብራ አለኝ፤ ሌላው ፕሮግራሙን አውጥተህ እንደ ገና ጫን አለኝ፤ ሦስተኛው እትሙ ስንተኛ እንደ ሆነ ጠየቀኝ። ሦስት ቀንም እንዲሁ አለፈ። ልቈጣቸው ዳድቶኝ ነበር፤ ነገር ግን እኔስ የሰጠኋቸው ምን ነበረና? በዜማ ቤት ሳለሁ «የኔታ፣ ዜማው አልገባኝም» የሚል ተማሪ የሚያገኘው መልስ «እስኪ በለው» የሚል ብቻ ነበር። መምህሩ የሳተበትን ቦታ የሚይዘው ሲያዜም ሰምቶ ነውና።

በአራተኛው ቀን እንደ ገና ጻፍሁ። እትሙ 4 መሆኑን፣ መዝሙሩ በ4/4 ሆኖ በአራተኛው ምት እንደሚነሣ፣ ምን እንደ ፈለግሁና በምትኩ ምን እንዳየሁ አስረዳሁ፤ የሠራሁበትን ፋይል ራሱን አያይዤ ላክሁ። ፎቶግራፉን ብቻ ልኬ ቢሆን ኖሮ፣ ኋላ የምነግራችሁ ነገር ባልተገኘም ነበር።

በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው መለሰልኝ። ኖታውን ከመጻፍህ በፊት የመጀመሪያውን ሜዠር ጠባይ የሚያሳየውን ገጽ ክፈት፤ የስም ልኩን 4/4 እንደ ሆነ ተወው፤ እውነተኛ ልኩን ግን 1/4 አድርገው፤ ከሜዠሮቹም ቍጥር እንዳይገባ ምልክት አድርግበት አለኝ። እንዳለኝ ባደርግ ዕረፍቶቹ ጠፉ።

ከዚያም ያልጠየቅሁትን ጨመረልኝ። «ቋንቋህን አላውቅም፤ ነገር ግን በግጥምህ ውስጥ አንድም ሰረዝ አላየሁም» አለ። እኔ ከፊደል ወደ ፊደል የተሻገርሁት ባዶ ቦታ እየመታሁ ነበር። በፕሮግራሙ ሥርዓት ግን ባዶ ቦታ ቃልን ከቃል ይለያል፤ አንዱን ቃል በኖታዎቹ ሥር የሚከፋፍለው ሰረዝ ነው። ከዚህም በላይ «ብርሃን» አራት ፊደል ነው ብዬ በአራት ኖታ ልበትነው ስታገል ቈይቻለሁ። አፍ የሚለው ግን «ብር-ሃን» ነው፤ ሁለት ኖታ ይበቃዋል። ይህን እንኳ ፕሮግራሙም ሰውዬውም ሊነግሩን አይችሉም፤ የእኛው ሥራ ነው።

ኖታው መስተካከሉን ጽፌ አመሰገንሁት። የታረመውን ቅጂ በበዓሉ ዋዜማ ለተማሪው ሰጠሁት፤ ጥቂት ተመለከተና «ጋሼ፣ ዕረፍቶቹ የት ሄዱ?» ብሎ ጠየቀኝ።