ርዕሰ አንቀጽ፦ ፍሪሲዮኑን ማን ያውርደው?

ቅዳሜና እሑድ በሠፈራችን ውስጥ ለውስጥ መንገድ ያለፈ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። አንድ አሮጌ አውቶሞቢል ከፊቱ በክሪክ ተነሥቶ፣ በሁለት ድንጋይ ወይም በብሎኬት ተደግፎ፣ ከሥሩ የሰው እግር ወጥቶ ይታያል። ልጆች በዙሪያው ይሯሯጣሉ። ምን እየተሠራ ነው ሲባል «ፍሪሲዮን እየቀየርን ነው» ይላሉ። ለምን ጋራዥ አልወሰዳችሁትም ሲባሉ ደግሞ «ዋጋው መች ይቀመሳል!» የሚል መልስ ይመጣል።

ይህን የሚሉት ጎረቤቶቻችን ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት የተነገረው ዋጋ ማታ ሌላ ሆኖ ያገኘው፣ «ነገ ና» እየተባለ ሳምንት የተመላለሰው ጥቂት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም ይታወቃል። በኤሌክትሪክ የሚሄዱት የፍሪሲዮን ፔዳል ስለሌላቸው በዚህ ጣጣ የለባቸውም። በእጃችን ያሉትን አሮጌዎቹን ግን እየጠገኑ መያዝ ግድ ሆኗል። እንግዲህ ወጪ ለመቀነስ መፈለግ የሚያስወቅስ አይደለም። ጥያቄው ከሥራው የትኛው በቤት ይሠራ፣ የትኛውስ ለባለሙያ ይተው የሚለው ነው።

በዚህ ዝግጅት ክፍል አስተያየት ምርመራው የባለቤቱ፣ ካምቢዮ ማውረዱ የመካኒኩ ሊሆን ይገባል።

ከምርመራው እንነሣ። ማርሽ አልገባ አለ ማለት ሁልጊዜ ሸራው አልቋል ማለት አይደለም። ፍሪሲዮኑ በገመድ የሚሠራ ከሆነ ገመዱ ረዝሞ ወይም ሊበጠስ ደርሶ ይሆናል፤ ማስተካከል ብዙ ጊዜ የደቂቃዎች ሥራ ነው። በዘይት የሚሠራ ከሆነ የዘይቱን መጠን ማየት፣ ከፔዳሉ በላይና ከካምቢዮው ጎን ያሉት ትንንሽ ፖምፓዎች ማንጠባጠብ አለማንጠባጠባቸውን መመልከት ነው። ፔዳሉ ሲረገጥ ብቻ የሚጮኽ ድምፅ ካለ ጥርጣሬው በኩሽኔታው ላይ ነው። በሦስተኛ ወይም በአራተኛ ማርሽ ቤንዚን ሲሰጡት ሞተሩ እየጮኸ መኪናው የማይፈጥን ከሆነ ግን ሸራው እየተንሸራተተ ነው። ያን ጊዜ መውረዱ አይቀርም። እነዚህን ሁሉ ሳያዩ ካምቢዮ ማስወረድ፣ በቤትም ይሁን በጋራዥ፣ ገንዘብ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ማውረዱ እንምጣ። ሸራው የሚገኘው በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ስለሆነ አንደኛውን ሳያላቅቁ አይደረስበትም። የትንንሽ መኪና ካምቢዮ እንኳ 30 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይመዝናል። ይህን ጭነት በጀርባ ተኝቶ፣ በክንድ ደግፎ፣ ከፊት ላይ ማውረድ ማለት ምን እንደሆነ አስቡት። ክሪክ ማንሻ እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ድንጋይ ይንሸራተታል፤ ብሎኬት ደግሞ ምንም ምልክት ሳይሰጥ ይፈረካከሳል። ከመኪና ሥር ለተኛ ሰው ሁለተኛ ዕድል የለውም።

አደጋው ቢቀር እንኳ ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሸራው መሐል ለመሐል ሳይቀመጥ ቡሎኑ ከጠበቀ ካምቢዮው አልገባ ይላል። በግድ ሲገፋና ክብደቱ በሸራው ላይ ሲንጠለጠል አዲሱ ሸራ ገና ሳይሠራበት ይጣመማል። በግራሶ እጅ ከተነካም እንደገና መንሸራተት ይጀምራል። በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ደግሞ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል አቧራውን በአፍም ሆነ በኮምፕሬሰር መንፋት ሳንባን ይጎዳል፤ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ ጨርቁን በላስቲክ አሥሮ መጣል ነው። አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራም ይሆናል።

የሂሳቡንም ነገር እንመልከት። ዕቃው ከሶማሌ ተራ ተገዛ ከሌላ ቦታ፣ ባለቤቱ ቢሠራውም መካኒኩ ቢሠራው ያው ነው። የሚቆጠበው የእጅ ዋጋ ብቻ ነው። የእጅ ዋጋው ደግሞ በአብዛኛው ካምቢዮ የማውረድና የመስቀል ድካም ነው። ስለዚህ ቁጠባ የሚገኘው ሁለት ጊዜ ባለማስወረድ ነው። አንዴ ከወረደ ሸራውን፣ ፕሬዠሩንና ኩሽኔታውን አብሮ መቀየር፣ ቮላኖው መቧጨር መሰንጠቁን ማየት፣ ከሞተሩ ኋላ ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት የሚያንጠባጥብ ከሆነ መለወጥ ያሻል። ኩሽኔታውን «ይቆያል» ብሎ የተወ ሰው ነገ ሲጮኽበት ያንኑ የእጅ ዋጋ እንደገና ይከፍላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይህ ነው።

በጋራዥ ላለመጎዳትም መላ አለው። ከሥራው በፊት ዋጋውንና የሚቀየሩትን ዕቃዎች በወረቀት ማስፈር፣ ዕቃውን ከተቻለ ራስ መግዛት፣ የወለቀውን አሮጌ ዕቃ መረከብ፣ ከመክፈል በፊት መኪናውን በዳገት ላይ ነድቶ መሞከር ነው። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ መካኒክ ካለ ሌላ መፈለግ ይሻላል። ሙያውን የሚያውቅ ሰው አሮጌውን ዕቃ ለማሳየት አያፍርም።

ሙያው ኖሮት በቤቱ ልሥራ የሚል ነዋሪ ቢኖር አንከለክለውም። ነገር ግን ሥራው በጊቢው ውስጥ፣ በደልዳላ ሲሚንቶ ላይ፣ በብረት ማቆሚያ፣ የኋላ ጎማዎቹ ታግደው፣ ባትሪው ተፈትቶ፣ ከአጠገቡ የሚረዳ አዋቂ ሰው ቆሞ ይሁን። ልጆች አይቅረቡ። የካምቢዮው ዘይት በጀሪካን ይጠራቀም እንጂ ወደ ቦይ አይፍሰስ፤ ያ ቦይ የሁላችንም ነው።

ለማኅበራችን ኮሚቴም አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ድንኳንና ወንበር በጋራ ገዝተን እንደምንገለገል ሁሉ አራት ጠንካራ የብረት ማቆሚያ ገዝተን በፈረሚያ ብናውስ ከባድ ወጪ አይሆንም። በመካከላችን ያሉ መካኒኮችም ስማቸውን ቢያስመዘግቡ እነሱ ሥራ ያገኛሉ፣ ነዋሪውም የሚያውቀውን ሰው ያገኛል። በሚቀጥለው ስብሰባ ይህ ሐሳብ እንዲነሣ እያሳሰብን፣ እስከዚያው በድንጋይ ላይ ከቆመ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ ጎረቤት ለጎረቤት ይነጋገር። ዝም ብሎ ማለፍ ጨዋነት አይደለም።