ትንበያው ደርሷል፤ ውሳኔው ከእኛ ደጅ ቆሟል

የዕድሜ እኩዮቼ፣ የእድር ዳኞች፣ የንስሐ አባቶች፣ ሼሆች፣ በቀበሌ ስብሰባ ላይ ቃላችሁ መሬት የማይወድቅ ሽማግሌዎች፤ ለሹም የሚነገረውን ሌሎች ይንገሩት። እኔ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው፤ የምፈራውም የእኛን ዝምታ ነው። በአገራችን ስለ ዝናብ፣ ስለ ጎርፍና ስለ ድርቅ የሚታወቀው ብዙ ሆኗል። በዚያ ዕውቀት ላይ ቆሞ የሚወሰነው ግን ጥቂት ነው። በሁለቱ መካከል የተቀመጥነው ደግሞ እኛ ነን። ገበሬው ዘር ከመበተኑ በፊት፣ ጎጆ ወጪው መሠረት ከመቆፈሩ በፊት፣ የቀበሌው ሊቀመንበር ማኅተሙን ከመምታቱ በፊት ዓይኑን ወደ እኛ ያነሣል። «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ይለናል። መልሳችን ነፍስ ያድናል፤ ነፍስም ያጠፋል።

የ1977ቱን ረሃብ የማያስታውስ ከመካከላችን የለም። ለልጆቻችን ስናወራው ግን «ዝናብ ቀረ፣ ሰው አለቀ» ብለን እናሳጥረዋለን። እንዲህ አጭር አልነበረም። ከ1966ቱ የወሎ እልቂት በኋላ የተቋቋመው የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የአዝመራውንና የገበያውን ሁኔታ የሚከታተል የቅድመ ማስጠንቀቂያ ክፍል ነበረው። ኮሚሽኑ በመጋቢት 1976 ለጋሾችን ሰብስቦ ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ለረሃብ መጋለጡን ተናገረ። ለጋሾቹ በቂ እህል አልላኩም። በአገር ቤት ጦርነቱ መንገዱን ዘግቶ ነበር፤ ዋና ከተማዋም ለአብዮቱ 10ኛ ዓመት ሽር ጉድ ትል ነበር፤ በዓሉ መስከረም 2 ቀን 1977 በታላቅ ድምቀት ተከበረ። የኮረም ሰው ሲረግፍ በዓለም ቴሌቪዥን የታየው ከዚያ በኋላ፣ በጥቅምት ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ቁጠሩት። አንድ ክረምት ሙሉ በመካከሉ አልፏል። ማስጠንቀቂያው ተነግሮ ነበር፤ የወሰነ ግን አልነበረም። ስለዚህ ያን ሁሉ ሕዝብ ሰማይ ብቻ ገደለው እያልን መናገራችንን እንተው፤ በሞቱት ላይ ሐሰት ነው፣ ለሚመጡትም አደጋ ነው።

ከ30 ዓመት በኋላ ሌላ ፈተና መጣ። በ2007 በልጉ ከሸፈ፣ ክረምቱም ደከመ፤ ከእኛ እጅግ ርቆ የሚገኘው የፓስፊክ ውቅያኖስ በምድር ወገብ ግድም ሞቆ ነበር። ኤልኒኖ የሚሉት ይህን ነው። ያ ውሃ ሲሞቅ የሰሜኑና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ክረምት አብዛኛውን ጊዜ ይዳከማል፤ በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ደግሞ የጥቅምትና የኅዳር ዝናብ ይበረታል። ሲቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል፤ ከ2013 ጀምሮ ቦረናና ሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ የከሸፈባቸው ውሃው በቀዘቀዘበት ዘመን ነው። ወደ 2007ቱ ድርቅ ልመለስ፤ በማግስቱ በ2008 ዓ.ም. አስቸኳይ የምግብ እርዳታ የሚያስፈልገው ሰው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ፤ ከ1977ቱ የበለጠ ቁጥር ነው። ሆኖም የ1977ቱ ዓይነት እልቂት አልደረሰም። ከ1997 ጀምሮ የቆመው ሴፍቲኔት ነበረ፣ መንገድና ጤና ጣቢያ ነበረ፣ መንግሥትም ከራሱ ካዝና አወጣ። ይህን በጎ ነገር ስናገር ከብታቸው ያለቀባቸውን፣ ጥሪታቸውን በሙሉ የሸጡትን አልረሳም። ገበያው እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ድርቁ ለሁሉም ሲገለጥ ሁሉም ከብቱን በአንድ ቀን ያወጣል፤ በሬው ከስቷል፣ ዋጋው ወድቋል፣ የእህሉ ዋጋ ሰማይ ወጥቷል። ቀድሞ ሁለት በግና አንድ ወይፈን ሸጦ እህል የገዛ ሰው የእርሻ በሬውን ያተርፋል። «ሰማዩ ጠቁሯል፣ ትንሽ ቆዩ» የተባለ ግን በሬውን ጭምር ያጣል። «ቆዩ» የሚለውን ቃል በየመንደሩ ብዙ ጊዜ የሚናገረው ማን ነው?

ትንበያውን «ውሸት ነው» ከማለታችን በፊት ምን እንደሚል እንስማው። የሜትሮሎጂ ባለሙያዎች በልግ፣ ክረምትና በጋ ከመግባታቸው በፊት ስለሚመጣው ወቅት ይናገራሉ፤ ወቅቱ ከገባም በኋላ በየአስር ቀኑ ይጨምሩበታል። የሚናገሩት በሦስት መደብ ነው፤ ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች። ለምሳሌ ለአንድ አካባቢ ከመደበኛ በታች የመሆን ዕድሉ 45 በመቶ፣ መደበኛ የመሆኑ 35፣ ከመደበኛ በላይ የመሆኑ 20 ነው ተባለ እንበል። ይህ «ይደርቃል» ማለት አይደለም። ምንም የተለየ ምልክት በሌለበት ዓመት ሦስቱም እኩል 33 በመቶ ገደማ ይይዛሉና፣ 45 ሲሆን ሚዛኑ ወደ ድርቅ አዘንብሏል ማለት ነው። ወቅቱ መደበኛ ሆኖ ቢያልፍ ባለሙያው አልዋሸም፤ 35 በመቶ ይሆናል ያለው ሆነ። ደግሞም የወቅት ትንበያ የሚነገረው ለሰፊ አገር ስለሆነ ከአንዱ ሸንተረር ማዶ ያለውን ማሳ ለይቶ አያሳይም። ይህ ሁሉ ጉድለቱ ነው፤ አልሸሽገውም። ግን እኛ ገበሬዎች እርግጠኛ ሆነን የዘራነው መቼ ነው? ማሽላው በሚያዝያ ካልያዘለት መሬቱን ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም ሽምብራ የሚዘራ ሰው በዕድል ላይ እየወሰነ ነው። የ45 በመቶው ወሬ ቀደም ብሎ ሲደርሰው ያንኑ ውሳኔ በጊዜው ያደርገዋል፤ ቶሎ የሚደርሰውን ዘር ዋጋው ሳይንር ይገዛል፣ ገለባውን አይሸጥም፣ ኩሬውን ይጠርጋል።

አባቶቻችን ያወረሱንን ምልክት አልንቅም። ኮከቡን፣ የነፋሱን አቅጣጫ፣ የዛፉን መለምለም፣ የከብቱን ሁኔታ አይተው የፈረዱት ለብዙ ትውልድ በተጠራቀመ ትዝብት ነው። ነገር ግን ያ ትዝብት የተሰበሰበበት የአየር ጠባይ ተለውጧል። ከ1960 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ የኢትዮጵያ አማካይ ሙቀት በ1.3 ዲግሪ ሴልሺየስ ጨምሯል። በምሥራቅና በደቡብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዝናብ ባለፉት አሥርት ዓመታት ተመናምኗል። አየር በአንድ ዲግሪ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል፤ ስለዚህ ዘግይቶ የመጣው ዝናብ ሲጥል አንዳንዴ በአንድ ሌሊት የወሩን ያወርደዋል። በድሮው ምልክት ብቻ የዛሬውን ክረምት የምንፈርድ ከሆነ፣ በሌለ አየር ላይ እየፈረድን ነው።

ባለሙያዎቹ የሌላቸውና እኛ ያለን ነገር ግን አለ። የዝናብ መለኪያው ጣቢያ ጥቂት ነው፤ በብዙ ወንዝ ላይ የውሃውን ከፍታ የመዘገበ የለም። ውሃው በልጅነታችን የትኛው ቋጥኝ ድረስ እንደወጣ፣ ወንዙ በየት በኩል ሄዶ እንደነበር፣ የትኛው ገደል እንደተናደ የሚያውቅ ከእኛ በቀር ማን አለ? ይህን ሳንናገር ብንሞት ከእኛ ጋር ይቀበራል።

ድሬዳዋን ተመልከቱ። የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ያልፍበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ክረምት ዝናቡ የጣለው ከከተማዋ በላይ ባለው ደጋ ነበር። ጎርፉ ከተማዋ የደረሰው ሌሊት፣ ሰው በተኛበት ነው። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚለውን ተረት ሁላችንም እንተርታለን፤ የደረቀ ወንዝ ዳር ለልጆቻችን ቦታ ስንመርጥ ግን ዝም እንላለን። ቦታው ርካሽ ነው፣ ለገበያ ቅርብ ነው፣ ሻጩም ዘመድ ነው። ውሃው ያን ቦታ እንደሚያውቀው እያወቅን ምርቃታችንን ሰጥተን እንነሣለን። ይህ ምርቃት አይደለም። ደጋ ላይ ዝናቡ ሲያጓራ የሰማ አንድ ሽማግሌ ቆላ ላለው ወንድሙ ስልክ ቢደውል ቤተሰብ ከእንቅልፉ ተነሥቶ ከፍታ ላይ ይወጣል። ዛሬ ስልክ የሌለበት መንደር ጥቂት ነው። የሚጎድለው ማን ለማን እንደሚደውል አስቀድሞ የተወሰነ ነገር ነው።

የጎፋው ደግሞ ከሁሉ ይከብደኛል። በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ጥቂት ቤተሰቦችን ቀበረ። ጎረቤት ጥሪ ሰምቶ ወጣ። ወግ ነውና ማንም አልቀረም። ሕዝቡ አፈሩን እየማሰ ሳለ ያው ተራራ እንደገና ተናደበት። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ነበር። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሊረዱ የመጡት ናቸው፤ የቀበሌው አስተዳዳሪ፣ መምህራንና የጤና ባለሙያዎችም በውስጣቸው ነበሩ። በውሃ የራሰ ተዳፋት አንዴ ከተናደ በኋላ ከላይ ያለው አፈር ድጋፉን ስለሚያጣ ዳግመኛ ሊወርድ ይችላል፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ይህን ያውቁታል። ያ ዕውቀት ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በጊዜው አልደረሰም። እኩዮቼ፣ በየመንደራችን ጥሪ የምንጠራው እኛ ነን። ሰውን «ውጡ፣ ቆፍሩ» የምንል እኛ ነን። ከዛሬ ጀምሮ ከጥሪው ጋር አንድ ሰው ተራራውን ቆሞ እንዲጠብቅ፣ ሰውም በጥቂቱ እየተፈራረቀ እንዲገባ ማዘዝ ግዴታችን ነው። ደግነታችን የልጆቻችን መቃብር እንዳይሆን እፈራለሁ።

«የፈጣሪ ፈቃድ ነው» የሚለኝ አለ። ፈጣሪን የሚፈራ ሰው ዮሴፍን ያስታውስ፤ ሙስሊሙም ዩሱፍ ብሎ ያውቀዋል። ሰባት የጥጋብና ሰባት የረሃብ ዓመት እንደሚመጣ ከተገለጠ በኋላ ማንም እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። እህል ተሰበሰበ፣ ጎተራ ተሠራ፣ ኃላፊ ተሾመ። ፈቃዱን ማወቅ ከሥራ አላሳረፋቸውም።

ሌላም ነውር አለብንና እንናገረው። የሴፍቲኔት ስም ዝርዝር ሲወጣ ለዘመድ የምንፈርድ አለን። በጥርና በየካቲት ሕዝቡ እርከን ሲሠራ ቆመን እናሞግሳለን፤ በሰኔ የሀብታም ከብት ሲለቀቅበት ግን የምንናገር ጥቂቶች ነን። ከሰውና ከእንስሳት ንክኪ ተከልሎ ያገገመ ተራራ የከረመው ማኅበረሰቡ ራሱ ደንብ አውጥቶ ባስከበረበት ቦታ ነው። ደንቡን በድሃው ላይ ብቻ የምናስከብር ከሆነ እርከኑ በሁለት ክረምት ይፈርሳል። ሴቶቹንም አንጠይቅም። የምንጩ ውሃ መቀነሱን ከእኛ ቀድማ የምታውቀው እንስራ ተሸክማ የምትወርደው ናት፤ በስብሰባው ግን ከኋላ ተቀምጣ ትሰማለች።

ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ቀበሌያችሁ ስብሰባ ይጠራል፤ ካልጠራም እናንተ አስጠሩት። የግብርናው ባለሙያ የወቅቱን ትንበያ ይዞ ይምጣ፣ በሁሉም ፊት ያንብበው፣ ያልገባችሁን ጠይቁት። ወንዝ ዳርና ተዳፋት ላይ ያሉትን ቤቶች በየባለቤታቸው ስም ጥሩ። ሌሊት ማን እንደሚያስነሣቸው፣ የት እንደሚያድሩ፣ አካል ጉዳተኛውንና አራሷን ማን እንደሚሸከም ሳይወሰንና በቃለ ጉባኤ ሳይጻፍ ከወንበራችሁ አትነሡ። ጸሐፊው ሲጨርስ እያንዳንዳችሁ ፈርሙበት።