‹‹ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ›› የተባለችው ልጅ

ሰሞኑን ከደረሱኝ መልእክቶች አንዱ ሦስት ቀን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣ ብሎኝ ነው የሰነበተው። የጻፈችልኝ የላሊበላ ልጅ ናት። ስሟን አልጠራም፤ የምትሠራበትን ሆቴልም አልናገርም። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። እንግዳ መቀበያ ላይ ከተቀጠረች ገና ሁለት ወሯ ስለሆነ የሙከራ ጊዜዋን እንኳ አልጨረሰችም። ከኮቪድና ከጦርነቱ ወዲህ ላሊበላ ላይ የሆቴል ሥራ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የአገሩ ልጆች ታውቁታላችሁ።

ታዲያ ይቺ ልጅ ለአሸንድዬ ሹሩባዋን ተሠርታ፣ አያቷ በገዛ እጃቸው ለጋ ቅቤ ቀብተዋት፣ ከጓደኞቿ ጋር ስትጫወት ሰንብታ ሥራ ገባች። አለቃዋ ገና ከበሩ ላይ ‹‹አንቺ ልጅ፣ ቅቤ ቅቤ ትሸቻለሽ! እንግዳ ልታባርሪብኝ ነው እንዴ?›› አላት። በሰው ፊት! ማታ ቤቷ ገብታ በሻምፖ ታጠበች። አልለቅ አላት። በማግስቱም ደገመች፤ ሠለሰች። ወይ ፍንክች! ‹‹አሁን የቀረኝ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነው። ፀጉሬን ልቆረጠው ወይስ አያቴን ሁለተኛ አይቀቡኝ ልበላቸው? እንደዚያ ካልኳቸው ደግሞ ያዝኑብኛል›› ብላ ጻፈችልኝ።

እህቴ፣ መቀሱንም ሳሙናውንም አስቀምጪ። የዚህን መልስ ያወቅኩት በፀጉሬ ከፍዬ ነው።

እናቴ የላስታ ሰው ናት፤ እኔ ግን ያደግኩት አዲስ አበባ ነው። በ2011 ዓ.ም. ነሐሴ፣ ኮቪዱም ጦርነቱም ሳይመጣ፣ አሸንድዬን ለማየት አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። ለማያውቁት ልንገራችሁ። የፍልሰታ ጾም ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ቀን፣ የላስታ ልጃገረዶች ቅጠሉን ወገባቸው ላይ አስረው፣ ከበሮ ይዘው ይወጣሉ። ሰቆጣ ላይ ሻደይ፣ ራያ ቆቦ ላይ ሶለል ይሉታል። የበዓሉ ግማሹ ፀጉር ነው ብል አላጋነንኩም። አክስቴ በጉልበቷ መሐል አስቀምጣኝ ቅቤውን አናቴ ላይ ስታሳርፈው የተሰማኝን ደስታ ምን ብዬ ልንገራችሁ!

ችግሩ አዲስ አበባ ስመለስ መጣ። በማግስቱ የሥራ ፈተና ነበረብኝ። እኔ ሞኟ የልብስ ዱቄት ሳሙና በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጬ አናቴ ላይ ደፋሁት። ጉድ ፈላ! ፀጉሬ ተያይዞ ባና መሰለ። ሚዶው ተሰበረ፤ ፀጉሬም ተሰበረ። በመጨረሻ እስከ ጆሮዬ አስቆረጥኩት። በ2012 ለገና ላሊበላ ስሄድ አክስቴ ገና ስታየኝ ደረቷን መታ ‹‹ውይ የኔ እናት! ማን ሞተብሽ?›› አለችኝ። ፀጉር የሚቆረጠው ለሐዘን ነዋ! የልብስ ሳሙና ነው የሞተብኝ ብዬ እንዴት ልንገራት?

ከዚያ በኋላ ነው አንዲት የአዲስ አበባ ፀጉር ሠሪ ‹‹ክላሪፋይንግ›› የሚባለውን ሻምፖ ያስተዋወቀችኝ። እኔ አሥራ ሁለተኛ ጨርሼ የቀረሁ ነኝ፤ ኬሚስትሪ ጻፉልኝ ብትሉኝ አልችልም። የገባኝን ያህል ግን ላስረዳችሁ።

ሳሙናም ሆነ ሻምፖ የሚሠራው በአንድ ዘዴ ነው። በውስጡ ያለው ቅንጣት አንዱ ጫፉ ውኃ ይወዳል፣ ሌላው ጫፉ ቅባት ይወዳል። ቅባቱን በአንዱ ይይዝና በሌላው ከውኃ ጋር ይሄዳል። ይሄ ከሆነ ታዲያ ልጅቷ ሦስት ጊዜ ታጥባ ለምን አልለቀቀም? አንደኛ፣ ሱቆቻችንን የሞሉት ሻምፖዎች አብዛኞቹ ፀጉር የሚያለሰልስ ነገር የተጨመረባቸው ናቸው። ‹‹ሁለት በአንድ›› የሚሏቸው በተለይ በአንድ እጃቸው እያጠቡ በሌላ እጃቸው ይቀባሉ። ሆቴሎች ለእንግዳ የሚያስቀምጧቸው ትንንሽ ጠርሙሶችም ብዙዎቹ እንደዚያው ናቸው። ለዕለት ተዕለት ጥሩ ናቸው፤ የሳምንት ቅቤ ላይ ግን አቅም ያጥራቸዋል። ሁለተኛ፣ ውኃው! ቅቤ የሚቀልጠው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ አካባቢ ነው። ላሊበላ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። በነሐሴ ብርድ ከጀሪካን በቀዳሽው ውኃ ብትታጠቢበት ቅቤው ይረጋል እንጂ አይለቅም።

ክላሪፋይንግ የሚባለው ማለስለሻው የተቀነሰበት ወይም ጭራሽ የሌለበት፣ የማጽዳት ኃይሉ ደግሞ ጠንከር ያለ ሻምፖ ነው። ቅቤ፣ ቫዝሊን፣ ጄል፣ የፀጉር ቅባት... የተጠራቀመውን ሁሉ ነቅሎ ያወጣል።

‹‹ያው የልብስ ሳሙና አይደል ታዲያ?›› የምትሉ አትጠፉም። አይደለም! የራስ ቆዳችን በተፈጥሮው ትንሽ ወደ አሲድ ያደላ ነው፤ ፒ.ኤች. የሚሉት ልኩ 5 ተኩል አካባቢ ነው። ጥሩ ሻምፖም ወደዚያው ተጠግቶ ይሠራል። ደረቅ ሳሙና ግን 9 እና 10 ይደርሳል፤ የልብስ ዱቄቱማ ከዚያም ያልፋል። ፀጉር እንደ ዓሣ በደቃቅ ቅርፊት የተሸፈነ ነው። እንዲህ ያለው ሳሙና ሲነካው ቅርፊቱ ይነሣና አንዱ ከአንዱ ይቆላለፋል። የኔ ባና እንግዲህ ከዚያ የመጣ ነው።

አገዛዙን በተመለከተ ብዙ አላስጨንቃችሁም። ጠርሙሱ ላይ ‹‹ክላሪፋይንግ›› ወይም ‹‹ዲፕ ክሊንሲንግ›› የሚል ፈልጉ። ከዚያ ጠርሙሱን ገልብጣችሁ በደቃቃ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ። ከውኃ ቀጥሎ ሶዲየም ሎሪል ሰልፌት ወይም ሶዲየም ሎረት ሰልፌት የሚል ካለ ቅባት ያወጣል ማለት ነው። እንደ ዳይሜቲኮን መጨረሻቸው ‹‹ኮን›› የሚሉ ስሞች ካሉበት ግን ማለስለሻ ስለሆኑ መልሳችሁ አስቀምጡት። ኢዲቲኤ የሚል ከተገኘበት ምርቃት ነው፤ ውኃው ውስጥ ያለውን ማዕድን ይይዛል። የፎረፎር ሻምፖ ሌላ ነው፤ እንደ ኬቶኮናዞል ያለ መድኃኒት የገባበት ነው። ቆረቆር ከሆነማ ጭራሽ የሻምፖ ጉዳይ አይደለምና ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ክዳኑ የተነካካ፣ ከሌላ ጠርሙስ የተገለበጠ የሚመስል፣ ቀኑ ያለፈበት... ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትሸወዱ። ትልቁን ጠርሙስም አትግዙ፤ በወር አንዴ የምትነኩት ነገር ነው።

እኔ አምና ለአሸንድዬ ጠርሙሴን ሻንጣዬ ውስጥ ከትቼ ወረድኩ። አክስቴ ጓሮ በአንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞከርኩት፤ በቃኝ። እንዲያውም ግማሹ የዝናብ ውኃ ነበር። ነሐሴ አይደል? የመጀመሪያው ዝናብ የቆርቆሮውን አቧራ ካጠበ በኋላ ሳፋ ደገንኩበት። የዝናብ ውኃ ማዕድን ስለሌለው አረፋው የጉድ ነው! ይሄን የከተማ ሳሎን አይነግራችሁም።

መጀመሪያ ሹሩባውን ፍቺው። ከነሹሩባሽ ብትታጠቢ ቅቤው ጉንጉኑ ውስጥ ተሸጉጦ ይቀራል። በጣትሽ አፍታቺው፤ አትቸኩዪ። ከዚያ አሮጌ ፎጣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክረሽ ጨምቀሽ ራስሽን ጠቅልዪና አሥር ደቂቃ ቡና እየጠጣሽ ተቀመጪ። ቅቤው ቀልጦ ግማሹ ፎጣው ላይ ይቀራል። (ፎጣውን ታዲያ ለእንግዳ እንዳታወጪው!) ቀጥሎ ለብ ባለ ውኃ አርጥቢውና ሻምፖውን መዳፍሽ ላይ በጥቂት ውኃ አሽተሽ ወደ ራስ ቆዳሽ አስገቢው። በጥፍርሽ ሳይሆን በጣትሽ ጫፍ እሺው። ‹‹ሻምፖ›› የሚለው ቃል ራሱ ከሕንድ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ማሸት ነበር አሉ።

በመጀመሪያው ዙር አረፋ አይወጣም። እኔ ደንግጬ ጠርሙሱን ልደፋው ነበር! አረፋውን የሚገድለው ቅቤው ነው፤ ሻምፖ አትጨምሪ፤ በለብታው አለቅልቂና ድገሚው። በሁለተኛው ዙር ነጭ አረፋ ይነሣል። ሁለት ደቂቃ ታገሺና ወደ ታች እያደረግሽ አለቅልቂ። ዳርና ዳሩን ለብቻው አትፈትጊው፤ የሚወርደው አረፋ ይበቃዋል። አንድ ሹሩባ የሚያህል ፀጉር በጣትሽ ይዘሽ ስትስቢው ሲጥ ሲጥ ካለ ለቋል። የምር እላችኋለሁ፣ ያኔ ፀጉራችሁ ሸካራ ሆኖ ያስደነግጣችኋል። ለዚህ ነው ኮንዲሽነር የግድ የሚሆነው። ከግማሽ ወደ ታች ቀቢው፤ ጥርሱ ሰፋ ባለ ሚዶ ከጫፍ ጀምረሽ ወደ ላይ አበጥሪ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ አለቅልቂው።

በየሳምንቱ ክላሪፋይንግ የምትጠቀም ወዮላት! በሦስት በአራት ሳምንት አንዴ፣ ወይም እንዲህ ቅቤ ከተቀባሽ በኋላ ብቻ። ቀለም የተቀባሽ ከሆነ ቀለምሽን ይዞብሽ ይሄዳል። ሪላክሰር ልትሠሪ ከሆነ ደግሞ በዋዜማው ራስሽን አትፈትጊ፤ የተፈተገ ቆዳ ላይ ሪላክሰር ያቃጥላል። ከሪላክሰር በኋላ አብሮት የሚመጣው ማርከሻ ሻምፖ አለ፤ ይሄ የሱን ቦታ አይተካም።

ወደ አያትሽ ልምጣ። ቅቤው ኋላ ቀርነት አይደለም። ያ ደጋ ቀን በፀሐይ ይለበልባል፣ ሌሊት በብርድ ያደርቃል፤ ንፋሱ ደግሞ እርጥበት አይተውም። ቅቤ ፀጉሩን ሸፍኖ እርጥበቱን ያቆይለታል። የሚያስቸግረው ሲሰነብት ነው። ቅቤ ሲያረጅ ቢዩቲሪክ አሲድ የሚባል ነገር ይለቃል፤ ስሙ ራሱ ከቅቤ የወጣ ነው። አለቃሽን ያስደነገጠው እሱ ነው እንጂ የአያትሽ እጅ አይደለም። ስለዚህ ‹‹አይቀቡኝ›› አትበያቸው። ‹‹ቅዳሜ ማታ ይቀቡኝ፣ እሑድ ከሰዓት ልታጠበው›› በያቸው። አንድ ሌሊት ይበቃዋል። አለቃሽን ግን እኔም ታዝቤዋለሁ። ለብቻሽ ጠርቶ ቢነግርሽ ኖሮ የሚያጣው ነገር ምን ነበር?

ድሮስ በምን ይታጠቡ ነበር ትሉኝ ይሆናል። በቆላው የቁርቁራ ቅጠል ይወቀጥና አረፋ ያወጣል። እንዶድን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ የነጠላ ሳሙናችን! ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ የቢልሃርዚያ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ያስተዋሉት ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ነው። ለፀጉር ግን አልመክራችሁም፤ ዓይን ውስጥ ከገባ አይጣል ነው።

ይሄን ጽፌ ሳልጨርስ ከጠርሙሴ ግማሹን ንጹሕ ዕቃ ውስጥ ገልብጬ ወደዚያው በምትሄድ ዘመዴ እጅ ላኩላት። (አዎ፣ ከጠርሙስ ወደ ጠርሙስ የተገለበጠ አትግዙ ብያለሁ፤ ይሄ ስጦታ ነው!) ትናንት ደወለችልኝ። ያጠቧት አያቷ ናቸው። በመጀመሪያው ዙር አረፋ ሲጠፋ ‹‹የፈረንጅ ነገር!›› ብለው ሳቁባት። በሁለተኛው ዙር አረፋው እስከ ክርናቸው ሲደርስ ዝም አሉ። ሽታው ለቋል፤ ጫፍ ጫፉ ትንሽ ደርቋልና ኮንዲሽነሩን ሳምንት ደግሚው አልኳት። አያቷ ከጎኗ ሆነው የሚሉት በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ‹‹ያቺን ልጅ ነጠላም ያጥባል ወይ በያት!›› ይላሉ።

አያጥብም፣ እማማ። ውድ ነው!